የኮምቦልቻው የቫልቭ ሙሌት ቤት፦ ክቡ ከሚዘጋባት ነጥብ ፍረዱት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ የጭስ ቫልቭ (የተቃጠለውን ጋዝ ከሞተር የሚያስወጣ ክዳን) ፊት፣ ማለትም መቀመጫው ላይ የሚያርፈውን ዙሪያውን፣ ስቴላይት በሚባል ጠንካራ ቅይጥ የሚሞላ አንድ የቶርኖና የብየዳ ቤት አለ። የተበላውን ፊት ይልጣል፣ በጠንካራ ብረት ይሞላል፣ በልኩ ፈጭቶ ያስረክባል። ለቸኮለ ሰው ፍርዱ ይኸው፦ ለዶዘር፣ ለግሬደር፣ ለፋብሪካ ጄኔሬተርና ለተሳቢ ትልልቅ የጭስ ቫልቮች ይሆናል። ለአባዱላ፣ ለሃይሉክስና ለባጃጅ አይሆንም። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ይገባዋል። አንድ ተኩሏ የጎደለችው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ የብየዳው ክብ በሚዘጋባት ነጥብና በመፍጫው ድንጋይ ላይ።

ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር ለምን ይታያል ለሚል መንገዱን ማየት ይበቃዋል። ከሚሌ ተነስቶ በባቲ በኩል ጭነት ይዞ የመጣ መኪና ኮምቦልቻ ሲደርስ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ወይም በዚያው ገደማ ርቀት ደሴ፣ 2500 ሜትር አካባቢ ይወጣል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ፖምፓው ሳይስተካከል ያንኑ ናፍጣ ሲጠጣ ጭሱ ይጠቁራል፣ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። የጭስ ቫልቭ ጭንቅላት ጭነት ሲከብደው 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚህ ሙቀት አብዛኛው የሚወጣው ፊቱ መቀመጫው ላይ ባረፈባት ቅጽበት ነው። ፊቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካለች ጋዝ በእሷ ይሾልካል፤ የሾለከው ጋዝ ደግሞ እንደ ኦክሲጅን መቁረጫ ቦይ እየቆፈረ ይሄዳል። እንጀራ ላይ ዓይን ሲበዛ ባለሙያዋን ያስመሰግናል፤ ቫልቭ ላይ ግን አንዲት ዓይን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ታስወርዳለች።

ቤቱ የሚጠቀመው 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የስቴላይት ቁጥር 6 የብየዳ ዘንግ ነው። ኮባልት የበዛበት ቅይጥ ሲሆን ክሮሚየሙ 28 በመቶ ገደማ፣ ተንግስተኑ ከ4 እስከ 5 በመቶ፣ ካርቦኑ 1 በመቶ ገደማ ነው። አሜሪካዊው ኤልዉድ ሄይንስ በ1907 እ.ኤ.አ. የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጡን ፓተንት ካስመዘገበ ወዲህ ስሙ የጸናው ሲግል ጥንካሬውን ስለማይለቅ ነው። ምርጫው ትክክል ነው። ደንበኛው ብዙ ጊዜ “ጠንከር ያለውን አድርግልኝ” ብሎ ቁጥር 12ን ይጠይቃል፤ ቁጥር 12 በእርግጥ ይጠነክራል፣ ግን ሲቀዘቅዝ መሰንጠቅ ይቀናዋል። ቤቱ ይህን ለደንበኛ አስረድቶ ቁጥር 6 ላይ መጽናቱ ያስመሰግነዋል። ዘንጉን ከነማሸጊያው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ያለምንም ጽሑፍ ከመሳቢያ ውስጥ የሚወጣ ዘንግ ስቴላይት ይሁን ሌላ ነገር በዓይን አይለይም።

አቀባበሉ ላይ የመጀመሪያው መሣሪያ ማግኔት መሆኑ ደስ ያሰኛል። የዛሬ የጭስ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ብረት የተሠራ ነው። የቫልቩ ዘንግ ማግኔት የሚስበው ክሮምና ሲሊኮን ያለበት ብረት ነው። ጭንቅላቱ ማግኔት የማይስበው፣ 21 በመቶ ክሮሚየም፣ 9 በመቶ ማንጋኒዝና 4 በመቶ ኒኬል ገደማ ያለው ብረት ነው። ሁለቱ የተጣበቁት በፍትጊያ ብየዳ ነው። ማግኔቱ ጭንቅላቱንም ከሳበው ያ ብረት በአየር ብቻ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር ዓይነት ነው፤ በደንብ ሳይሞቅ ከተበየደና ቶሎ ከቀዘቀዘ ከሙሌቱ ሥር ይሰነጠቃል። ቤቱ ይህን ለይቶ በቫልቩ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎ አንገቱን በቀይ ሰርጎ ገብ ቀለም ይፈትሻል። አንገቱ ላይ ስንጥቅ የታየበትን፣ ዘንጉ የጎበጠውን፣ የጭንቅላቱ ጠርዝ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሳሳውን አይቀበልም። ልክ ነው፤ አንገቱ የተሰነጠቀ ቫልቭ ፊቱ መስታወት ቢመስል ጭንቅላቱን ሲሊንደር ውስጥ ጥሎ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ይጠፋል።

አንድ የሚያሳስብ ጉድለት እዚህ አለ። ቫልቩ ሶዲየም የተሞላ መሆን አለመሆኑን ካልነገሯቸው አይጠይቁም። አንዳንድ ከባድ ሥራ የሚሠሩ ሞተሮች ዘንጋቸው ውስጡ ክፍት ሆኖ ሶዲየም ያለበት የጭስ ቫልቭ አላቸው። ሶዲየም ውሃ ሲነካው ይፈነዳል፤ እንዲህ ያለ ቫልቭ አይበየድም፣ አይቆረጥም፣ ከቶርኖ ጋርም አይገናኝም። የሞተሩን ዓይነትና የቫልቩን ቁጥር ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አዲስ ግዙ።

ከመበየዱ በፊት ያለው ሥራ የቤቱ ትልቁ ብርታት ነው። አሮጌው ስቴላይት ከሥሩ ይላጣል እንጂ በላዩ ላይ አይሞላም። ብዙ ቦታ ይህ አይደረግም፤ አሮጌው ፊት በውስጡ የጠጣው ጥቀርሻና ድኝ ሲቀልጥ ጋዝ ይሆንና አዲሱን ሙሌት ወንፊት ያደርገዋል። ከዚያ በቶርኖ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይወጣለታል። የቦዩ ጥግ ሹል አይደለም፤ የመቁረጫው አፍ ክብ ተደርጎ የተሳለ ስለሆነ ጥጉ እንደ ሳህን ውስጥ ይጎብጣል። ሹል ጥግ ውስጥ የቀለጠው ብረት አይገባም፤ ከሥሩ አየር ታምቆ ይቀራል፣ ፊቱ ሲፈጭ ደግሞ ያ ክፍተት እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ቫልቩ ሲመለስላችሁ በሙሌቱና በመነሻው ብረት ድንበር ላይ እንዲህ ያለ መስመር ካያችሁ ጥፋቱ የበያጁ ሳይሆን የቶርኖው ነው።

ጽዳቱ እንደ ምጣድ ማሰስ ነው፤ ያልታሰሰ ምጣድ ላይ ሊጥ ቢያፈሱ ምን እንደሚሆን ለወሎ ሰው አይነገርም። ቦዩ በአሴቶን ይታጠባል፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፣ በዚያው ቀን ይበየዳል። የእጅ ቅባት፣ የቶርኖ ዘይትና ዝገት ሁሉም ሲቃጠሉ ጋዝ ይሰጣሉ፤ ጋዙ ብረቱ ከመርጋቱ በፊት ካልወጣ ውስጡ ዓይን ሆኖ ይቀራል። የብየዳ ዘንጎቹ በክረምት በትንሽ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ከዘንግ ጋር ከገባ ሃይድሮጂን ያመጣል።

አሁን ወደ ብየዳው። ቤቱ ሁለት መንገድ አለው፤ የአርጎን ብየዳና የኦክሲጅን ብየዳ።

አርጎኑ ፈጣን ነው፣ ግን መሠረቱን ብረት ያቀልጣል። የጭንቅላቱ ብረት በውስጡ 0.4 በመቶ ገደማ ናይትሮጂን ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው፤ ጥንካሬውን የሚያገኘውም ከእሱ ጭምር ነው። በያጁ አምፔሩን ከፍ አድርጎ በጥልቀት ካቀለጠው ያ ናይትሮጂን እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይወጣና ሙሌቱን ያበሳሳዋል። ሁለተኛ ጥፋትም አለ፦ ብረቱ ከስቴላይቱ ጋር በብዛት ሲቀላቀል ፊቱ ይለሰልሳል። ጥሩ ሙሌት በሮክዌል ሲ (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) ከ38 እስከ 45 ይለካል፤ መለኪያ የሌለው ሰው በስለታም ሞረድ ጠርዙን ይሞክር፣ ሞረዱ ከተንሸራተተ ደህና ነው፣ ከነከሰው ግን ቅይጡ ተበርዟል። ስለዚህ የአርጎን ብየዳ ጥበቡ በትንሹ ማቅለጥ ነው። የዚህ ቤት በያጅ ቫልቩን በሚዞር ጠረጴዛ ላይ ትንሽ አዘንብሎ ያስቀምጠዋል፤ የቀለጠው ኩሬ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆማል፣ ወደ አንገቱ አይፈስም። አርጎኑ ንጽሕናው 99.99 በመቶ ሲሆን በደቂቃ ከ8 እስከ 12 ሊትር ይለቃል። አንዳንዱ በያጅ ጋዝ ሲጨምር ጥበቃ የሚጨምር ይመስለዋል፤ ከልክ ያለፈ ፍሰት ግን እየተሽከረከረ የውጩን አየር ይዞ ይገባል። በሩ ክፍት ሆኖ ከቦርከና ወንዝ በኩል ነፋስ ሲመጣም እንዲሁ። ቤቱ መጋረጃ አለው፤ በሙቀቱ ሰዓት ግን ሲገለጥ ይታያል፤ ይህ መቅረት አለበት።

ኦክሲጅኑ ዝግ ይላል፣ ለቫልቭ ግን ውጤቱ የበለጠ ያስተማምናል። እሳቱ አሴቲሊን የበዛበት ይሁን፤ ከአፉ የሚወጣው ነጭ ላባ የውስጠኛውን ሾጣጣ ሦስት እጥፍ ያህል እስኪረዝም ይከፈታል። መሠረቱ አይቀልጥም፤ ላብ ያወጣ መስሎ ያብረቀርቃል እንጂ። ያን ጊዜ የብየዳው ዘንግ ይነካና ስቴላይቱ በላቡ ላይ ይዘረጋል። ናይትሮጂኑ አይነቃም፣ ቅይጡም አይበረዝም። ግን ጋዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከካርባይድ ማብሰያ በቀጥታ የሚመጣ አሴቲሊን የውሃ ትነት ይዞ ይመጣል፣ ያልተጣራ ፎስፈረስና ድኝም ይኖርበታል። ዓይኑ ከዚያ ነው የሚበዛው። ይህ ቤት የታሸገ ሲሊንደር ሲያገኝ በሲሊንደር፣ ሲያጣ በካርባይድ ይሠራል፤ ለቫልቭ ሥራ ሲሊንደሩ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል፣ ደንበኛውም ይህን በቀጥታ መጠየቅ መብቱ ነው።

በሁለቱም መንገድ ቫልቩ አስቀድሞ ይሞቃል። ማግኔት ለማይስበው ጭንቅላት 200 ዲግሪ ገደማ ይበቃል፤ ማግኔት ለሚስበው ወደ 400 መጠጋት አለበት። በያጁ በተወሰነ ሙቀት የሚቀልጥ ጠመኔ ጭንቅላቱ ላይ ያሰምራል። በዓይን ገምቶ “ደርሷል” ማለት እዚህ የለም፣ ይበል የሚያሰኝ ነው።

የክቡ መዝጊያ ላይ ስንመጣ ኮከቡ ይቀንሳል። ሙሌቱ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ዙሮ ወደዚያችው ነጥብ ይመለሳል። እሳቱ ድንገት ከተነሳ የቀለጠው ኩሬ ከዳር ወደ መሃል እየረጋ ይኮማተርና መሃሉ ላይ ጎድጓዳ ይተዋል። ጎድጓዳው ሥር ብዙ ጊዜ እንደ ኮከብ የተበተነ ስንጥቅና የታመቀ ቀዳዳ አለ። ቫልቭ ፊት ላይ ከሚገኙ ጉድለቶች ብዙዎቹ በዚህች ጣት በማትሞላ ቦታ የተሰበሰቡ ናቸው። አዘጋጉ እንዲህ መሆን ነበረበት፦ በያጁ መነሻውን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር አልፎ ይሂድ፤ አምፔሩን ለጥቂት ሰከንድ ቀስ እያለ ያውርድ፤ የመጨረሻውን ኩሬ ከፊቱ መሃል አውጥቶ በኋላ ወደሚላጠው የውጭ ጠርዝ ይምራው፤ ካቆመ በኋላም ችቦውን ሳያነሳ አርጎኑ ለ10 ሰከንድ ያህል ይፍሰስበት። የቤቱ በያጅ መነሻውን አልፎ ይሄዳል፣ አምፔሩንም ያወርዳል፤ ግን ኩሬውን ወደ ጠርዝ አይመራም፣ ፊቱ መሃል ላይ ይተወዋል። ከዚህ የተነሳ ከሚያስረክባቸው ቫልቮች አልፎ አልፎ አንዱ በቀለም ሲፈተሽ መዝጊያው ላይ ቀይ ነጥብ ያሳያል። ለማረም አዲስ ማሽን አያስፈልገውም፤ የእጅ አንጓ ማዞር ብቻ ነው።

መብራት መሃል ላይ ሲሄድም ያው ጉዳይ ነው። ክቡ ግማሽ ላይ ሲቋረጥ ጎድጓዳ ይቀራል፤ መብራት ሲመለስ በላዩ ላይ መቀጠል ስንጥቁን መሸፈን ነው። ጎድጓዳው ተፈጭቶ ንጹሕ ብረት እስኪታይ መውረድ፣ ቫልቩም እንደገና መሞቅ አለበት። ቤቱ ይህን ያደርጋል ማለታቸው ብቻ ሳይሆን፣ የተቋረጠበትን ቫልቭ በሌላ ሣጥን ለይተው ሲያስቀምጡ ይታያል።

ማቀዝቀዣው ደረቅ አመድና ኖራ የተሞላ በርሜል ነው። ቫልቩ ተቀብሮ ያድራል። ጥሩ ነው፣ አመዱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ። ስለ ማቀዝቀዣው ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

መፍጨቱ ደካማው ክፍል ነው። ስቴላይት ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፤ ድንጋዩ ከደነዘ ወይም ማቀዝቀዣው ውሃ ካነሰ ፊቱ ላይ ሙቀቱ ይከማችና የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። ይህ ስንጥቅ ከብየዳው አይደለም፤ ቅድም ንጹሕ የነበረውን ፊት መፍጫው ነው ያበላሸው። እያንዳንዱ ንክኪ ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲወስድ፣ ድንጋዩ በየጥቂት ቫልቩ በአልማዝ እንዲሳል፣ ውሃውም ሳይቋረጥ እንዲፈስ ያስፈልጋል። እዚህ ድንጋዩ የሚሳለው ድምፁ ሲለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ ዘግይቷል። ሌላው ደግሞ የማሽኑ መያዣ ትንሽ ስለላላ ፊቱ ላይ ብርሃን ሲመታው ጥቃቅን ጎኖች ይታያሉ። ሰማያዊ ቀለም ቀብታችሁ መቀመጫው ላይ ብታዞሩት ቀለሙ ሙሉ ቀለበት ሳይሆን የተቆራረጠ ሰረዝ ሆኖ ይታተማል። በእጅ በመፍጫ ቅባት እየታሸ ይስተካከላል ማለት ስቴላይት ላይ ብዙ አይሠራም፤ ቅባቱ መቀመጫውን ቀድሞ ይበላዋል። ሲያልቅ በመቀመጫው መስመር ላይ ቢያንስ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ስቴላይት መቅረት አለበት፤ ከዚያ ከሳሳ ቀጣዩ ፍጭት መሠረቱን ብረት ያወጣዋል።

ፍተሻው በጥያቄ ነው የሚደረገው እንጂ ከሒሳቡ ጋር አይመጣም፤ መምጣት ነበረበት። ፊቱ በአሟሚ ይጠረጋል፣ ቀዩ ቀለም ይረጭበትና ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነጩ ዱቄት ይነፋበታል። ቀዳዳ ካለ ነጩ ላይ ቀይ ነጥብ ያብባል፤ ስንጥቅ ከሆነ መስመር ነው። ስህተቱ ያለው ጨርቁን በአሟሚ አርሶ ከመጠን በላይ መጥረግ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከቀዳዳው ውስጥ ያለውም ቀለም ይታጠባል፣ ጉድለት የለም ተብሎ ይታለፋል። ቀለሙ ለሌላችሁ አሮጌው ዘዴ አሁንም ይሠራል፦ ቫልቩን ነጭ ጋዝ ውስጥ ሩብ ሰዓት ንከሩት፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ የጠመኔ ዱቄት በስሱ ቀቡት፣ ጥቂት ጠብቁ። ቀዳዳዋ የጠጣችውን ጋዝ መልሳ ጠመኔውን ታርሰዋለች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይሄ ነው። መቀመጫው በሚያርፍበት መስመር ላይ አንዲትም ነጥብ አትቀበሉ። ከዚያ ውጭ፣ ወደ ጠርዙ ወይም ወደ አንገቱ ያለች ብቸኛ ነጥብ ብዙ አትጎዳም። መጀመሪያ የምታዩት ግን መዝጊያውን ነው፤ ከመፈጨቱ በፊት የክቡ መዝጊያ የት እንዳለ በጠርዙ ላይ ነጥብ እንዲያደርጉላችሁ ብትጠይቁ ፈቃደኞች ናቸው።

ይህ የፍተሻ ዘዴ ለአዲስ ቫልቭም ይሠራል። ፋብሪካዎች በዘንግ ሳይሆን በደቃቅ የቅይጥ ዱቄትና በፕላዝማ ይሞላሉ፤ ዱቄቱ እርጥበት ከያዘ፣ ቦዩ ካልጸዳ ወይም ክቡ በድንገት ከተዘጋ ያው ዓይንና ያው ስንጥቅ ይወጣል። ደሴ ሸዋ በርም ሆነ ኮምቦልቻ ሱቅ ስትገዙ ሣጥኑን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ።

ትንንሽ ቫልቮችን ለምን አትውሰዱ አልን? ፊታቸው ጠባብ ስለሆነ ቦዩ ራሱ ጠርዙን ያሳሳዋል፣ የብየዳው ሙቀት ዘንጉን ያጎብጠዋል፣ ዋጋውም ከአዲሱ ጋር ይቀራረባል። የሊስተር ዓይነት ዝግ ያለ የወፍጮ ሞተር ደግሞ ስቴላይት አይፈልግም፤ ቫልቩን አስፈጭታችሁ ክፍተቱን አስተካክላችሁ ብታስገቡ ይፈጫል። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው የስቴላይት ዋጋ ሲጠየቅ እንቢ ይበል። ለትልልቆቹም ቢሆን ዋጋው የአዲሱን ግማሽ ካለፈ አያዋጣም።

ሥራው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል፤ ይህ መዘግየት አይደለም፣ አመዱ ውስጥ ማደሩና ስትጠይቁ የሚደረገው የአንድ ቀን ፍተሻ ተደምሮ ነው። በአንድ ቀን እንጨርሳለን የሚላችሁን ሌላ ቤት ጠርጥሩት። ስትሄዱ ቫልቮቹን በየሲሊንደራቸው ቁጥር ምልክት አድርጋችሁ፣ የመቀመጫውን ማዕዘን 30 ይሁን 45 ዲግሪ ጽፋችሁ፣ የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበትን መሪ ቱቦም ይዛችሁ ሂዱ። ቱቦው ከላላ ቫልቩ ዘንበል እያለ ስለሚያርፍ በጣም ጥሩ የተሞላ ፊትም በአንድ ጎኑ ብቻ ይመታል፤ የዘንጉን ክፍተት ሳይለኩ ሙሌት መቀበላቸው የዚህ ቤት ሌላው ቸልታ ነው። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ቫልቩን መቀመጫው ላይ አስቀምጣችሁ ነጭ ጋዝ አፍስሱበት፣ ከታች በኩል ይሾልክ እንደሆነ አምስት ደቂቃ ተመልከቱ።